ደም የገባበት ቤት

አሶሳ ውስጥ እንጀራዬ ደም መቅዳት ነው። ላቦራቶሪ ቁጭ ብዬ ክንድ ላይ ላስቲክ አስራለሁ፣ ደም ሥር እፈልጋለሁ፣ እወጋለሁ፣ ብልቃጡ ሲሞላ ጥጥ አስይዤ «ቀጣይ!» እላለሁ። ባጃጅ ነጂዎቹ «ደም ቀጂዋ» ብለው ስም አውጥተውልኛል። አንደኛው እንዲያውም ገበያ መሀል «ደሜ፣ የት ላድርስሽ?» ብሎ ሲጮኽብኝ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ልክ ልኩን ነግሬው ነው የተሳፈርኩት።

ደም የምትለው ቃል ሁለት ፊደል ብቻ ናት፤ ሥራዋ ግን አያልቅም። እናቴ ቆንጆ ሴት ስታይ «ደም ግባቷን እዩልኝ!» ትላለች። ስትናደድብኝ «ደሜን አታፍይው» ነው። ግፊቷ ሲነሳ ደግሞ «ደሜ ወጣብኝ» ትልና ትተኛለች። ደመወዝ የምንለውም ደምና ወዝ ነው፤ ወሩ ሲጋመስ ይህን ስም ያወጣለት ሰው ልክ እንደነበር ይገባኛል። በከንቱ ሞቶ ጠያቂ ያጣ ሰው «ደመ ከልብ ሆነ» ይባላል። ልጅ ሆኜ ከልብ የፈሰሰ ደም ማለት ይመስለኝ ነበር። ከልብ በግዕዝ ውሻ መሆኑን የነገረኝ አብሮኝ የሚሠራው ዲያቆን ነው፤ የውሻ ደም፣ ማንም የማይጠይቀው። 

አንድ ቀን እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ በዚህች ቃል ጠብ ተነሳ። ዲያቆኑ «ደም የግዕዝ ነው፤ አዳም የሚለውም ከዚያው የወጣ ነው» እያለ ሲያብራራ፣ ለወባ ምርመራ ጣቱን የሰጠኝ የበርታ ሽማግሌ ቱግ አለ። «ደም የኛ ነው! ቁርኣን ውስጥ ደም አለ፣ ዓረብ ሁሉ ደም ይላል። እናንተ ከየት አመጣችሁት?» ብሎ ጣቱን ከእጄ መነጨቀና ደሙ ጠረጴዛዬ ላይ ተንጠባጠበ። ከባምባሲ የመጣችው የጽዳት ሠራተኛ መወልወያዋን ይዛ ደረሰች። «እኛ በኦሮምኛ ዲጋ ነው የምንለው» አለች፤ «ዲጋም በሉት ደም፣ የምጠርገው እኔ ነኝ።» እኔ ሁለቱንም ወንዶች ተቆጣኋቸው። ቃሉ ከግዕዝም ከዓረብኛም የቆየ፣ ሁለቱም ከአንድ እናት ቋንቋ የወረሱት እንደሆነ አንብቤያለሁ ብላቸውም የሰማኝ የለም። ተኮራርፈው ተለያዩ።

የቃሏን ክብደት ግን የተማርኩት ከመጽሐፍም ከመርፌም አይደለም። ፓዌ አጠገብ፣ እናቴ ቤት፣ ምድጃው ሥር ካለው መሬት ላይ ነው።

ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ ተጭነው መጥተው እዚያ የሰፈሩ ናቸው። መንደሮቻችን በቁጥር ነው የሚጠሩት። ከመንደራችን ግርጌ ጅረት አለ፤ ማዶው የጉሙዞች ነው። ከማዶ አንዲት ሴት ከእናቴ ጋር ገበያ ሲመላለሱ ተላምደው ወዳጅ ሆነው ነበር። አግድም እንጨት በትከሻዋ ይዛ፣ ከፊት ማንጎ ከኋላ ማሽላ አንጠልጥላ ትመጣለች። እናቴ በርበሬና ጨው ቋጥራ ትሰጣታለች። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ እየሰባበረች ሲያወሩ፣ ከሩቅ ለሚሰማቸው የሚጣሉ ነበር የሚመስሉት።

ወንድሜ ገና ጡት የሚጠባበት ክረምት ነበር፤ እኔ ትምህርት ቤት ገብቻለሁ። ያቺ ሴት እርጉዝ ነበረች። የማዶዎቹ ሴቶች ቤት ውስጥ አይወልዱም፤ ምጣቸው ሲመጣ ብቻቸውን ጫካ ይገባሉ። የወሊድ ደም ቤት ከገባ ያንን ደፍ የሚረግጥ ሰው ይሞታል ብለው ያምናሉ። ለሞተው ሁሉ ተጠያቂዋ ደም ያፈሰሰችው ሴት ናት። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር፤ ወይም ሰምታ እንደ ወሬ አልፋዋለች።

አንድ ቀን እናቴ ደጃችን ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ጭኗ በደም ርሶ አገኘቻት። «ኧረግ በማርያም! እንደ አውሬ ውጭ ልትወልጂ ነው?» ብላ በብብቷ ይዛ ጎተተቻት። ሴትየዋ ነከሰቻት። ጠባሳው ዛሬም እናቴ ክንድ ላይ አለ። «ቤት የለም! ቤት የለም! ደም ቤት ገባ፣ ሰው ሞተ!» እያለች መሬቱን በጥፍሯ ትቧጥጥ ነበር። እናቴ የምጥ ለቅሶ መሰላት። በሩ ላይ ሲደርሱ ሴትየዋ መቃኑን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ እናቴ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቃ አስገባቻት። ልጅቷ ምድጃው ሥር ተወለደች። እናቴ በአንድ እጇ ወንድሜን፣ በአንድ እጇ አራሷን ሕፃን ታቅፋ እልል አለች። የልጅቷ እናት ወደ ግድግዳው ዞራ ታለቅስ ነበር።

በማግስቱ ባሏ ከሽማግሌዎች ጋር ፍየል እየጎተተ መጣ። አባቴ ሊያመሰግኑት የመጡ መስሎት ልብሱን አስተካክሎ ወጣ። እነሱ ከአጥሩ አላለፉም። «ደም ቤትህ ውስጥ ነው» አለው ባልየው። «ፍየል ይታረዳል፣ ደሙ በር ላይ ይፈሳል፣ ቤት ይጠራል። ካልሆነ ሰው ይሞታል። የኛም፣ ያንተም።» እናቴ ይህን ከውስጥ ሰምታ እመር ብላ ወጣች። «በደጄ የጣዖት ደም አይፈስም! አዋልጄ ባዳንኩ ቤቴ ሊረክስ? ንስሐ አባቴ ምን ይለኛል?» እያለች ፍየሏን በድንጋይ መታቻት። ባልየው ፍየሏን በግድ ወደ በሩ ሲገፋ አባቴ መጥረቢያ አነሳ። ባልየው ቀስቱን ወጠረ። አንድ ሽማግሌ መሀል ሲገባ የመጥረቢያው እጀታ ግንባሩን ፈነከተው። ደሙ አፉ ውስጥ እየገባ ነበር «ይበቃል» ያለው። ፍየሏን፣ አራሷንና ሕፃኗን ይዘው ተመለሱ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከማዶ አንድም ሰው ጣራችን ሥር አልገባም። ሴትየዋም እናቴን የምትጠራት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ነው፤ ከቤታችን በወጣ ዕቃ ውኃ እንኳ አትጠጣም። እናቴ እንደ ንቀት ቆጠረችው። «ያዋለድኳት እኔ፣ የተጸየፈችኝ እሷ!» እያለች ለዓመታት አጉረመረመች። በማዶ ሰው በሞተ ቁጥር ሴትየዋ እንደምትደበደብ የሰማነው ዘግይቶ ነው። ባሏን እባብ ነድፎት ሲሞት ወንድሞቹ የፊት ጥርሶቿን አረገፏቸው፤ ጎጆዋንም ከመንደሩ አውጥተው ዳር ጣሉት። እናቴ ይህን ስትሰማም ጥፋቱን በነሱ ልማድ ላይ እንጂ በራሷ ላይ አላደረገችውም።

አባቴ ሞተ፣ እኔ ተምሬ አሶሳ ገባሁ፣ ወንድሜ አድጎ መሬቱን ያዘ። ከዚያ በመተከል ያ ክፉ ጊዜ መጣ። ማን ጀመረው ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ሁሉም ታሪኩን የሚጀምረው ከራሱ ሬሳ ነው። በኛ መንደር የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ። ወደ ገነተ ማርያም በሚወስደው መንገድ ላይ የኛ ጎረምሶች አንድ የማዶ ሰው ከመኪና አውርደው በድንጋይ ቀጠቀጡት። ገበያ የሚሄድ ሰው ነበር። ፊቱ ከጭቃው እስካይለይ ነው የመቱት። ይህን የነገረኝ ከመቱት አንዱ ነው፣ እየሳቀ። በጥፊ አልኩት። ጥፊዬ የሞተውን አላስነሳም።

ከዚያ የሚከተለው ደም መመለስ ይባላል። አባባሉን ልብ በሉት፤ እንደ ተዋሱት ወንፊት ይመለሳል። ወንፊት ግን የሚመለሰው ለባለቤቱ ነው፤ ደም ፊት ለፊት ለተገኘ ሰው ነው የሚመለሰው።

እናቴ ግፊቷ ስለተነሳባት ፈቃድ ወስጄ መንደር ነበርኩ። ጠዋት መድኃኒቷን እያዋጥኳት ጩኸት ሰማሁ። በመስኮቱ ሳይ፣ ጎረቤታችን ሽማግሌው የግቢውን በር ሊዘጋ ወጥቶ ነበር። ከማዶ የመጡት በገጀራ አንገቱን አሉት። ወዲያው አልወደቀም፤ የአጥሩን እንጨት ይዞ ቆመ። ደገሙት። ወንድሜ ከማሳ እየተንፏቀቀ ደጃፋችን ሲደርስ ፍላጻ ጭኑ ላይ ተሰክቶ ነበር። ከእናቴ ጋር ጎትተን አስገባነው። ነጠላዬን ጭኑ ላይ አጥብቄ አሰርኩ፤ ደሙ ግን በጣቶቼ መሀል ይፈልቅ ነበር። ትኩስ ነው። እኔ የማውቀው ደም ብልቃጥ ውስጥ የቀዘቀዘውን ነው፤ የገዛ ወንድሜ ደም ግን እጄን ያሞቀው ነበር።

ከማሳው እስከ በራችን ድረስ መሬቱ ላይ ደም ተንጠባጥቧል። እሱን ተከትለው መጡ። ጉሙዝኛ እሰማለሁ፤ ጅረት ዳር ነው ያደግኩት። «እዚህ ገብቷል» አለ አንዱ። «በሩን ስበረው» አለ ሌላው። እናቴ የወንድሜን አፍ በመዳፏ አፍና «እመቤቴ፣ እመቤቴ» ትላለች። እኔ ዘነዘናውን አንስቼ ከበሩ ጎን ቆምኩ። መጀመሪያ የሚገባውን ጭንቅላቱን ልበትነው ነበር። በሕይወቴ ሰው ለመግደል የቆረጥኩት ያን ጊዜ ነው፤ ለመቁረጥም ብዙ አላስቸገረኝም።

በሩ አንድ ጊዜ ተመታ። ሳይደግሙት የሴት ድምፅ ሰማሁ። ያቺ ወዳጃችን ናት፤ ማዶ ሆና ከመንደራችን የሚወጣ ጭስ ስታይ ጅረቱን ተሻግራ እየሮጠች ደርሳለች። አማርኛዋን ስትሰባብረው እንጂ በራሷ ቋንቋ እንደዚያ አምርራ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። «ይህ ቤት የወሊድ ደሜ ገብቶበታል» አለቻቸው። «ፍየል አልታረደለትም፣ አልጠራም። ባሌን የበላው ይህ ቤት ነው። መግባት የፈለገ ይግባ፣ እናቱ ትቅበረው። እሳት የሚለኩስም ጭሱን እየሳበ ይሂድ።»

በሩን መምታቱን ተዉ። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው፤ ብዙዎቹ የወንድሜ እኩዮች ናቸው፣ ዓይናቸው ደም የለበሰ። በዕድሜ የሚበልጣቸው አንዱ እጁን ከበራችን ላይ አንስቶ ሱሪው ላይ ጠረገ። ሌላው ጎረምሳ ንዴቱን በሴትየዋ ተወጣ፤ በደጋኑ አፏን መታት። ወደቀች። ተነስታ ደሟን ተፋችና እንደገና በሩን ተደግፋ ቆመች።

ሄዱ። የሄዱት ግን ወደ ሽማግሌው ቤት ነው። በዚያ ቤት ማንም የማዶ ሴት አልወለደችም። ሚስቱ ውስጥ እያለች አቃጠሉት። እናቴ የጎረቤታችን ጩኸት እስኪያልቅ ድረስ ጆሮዋን አልያዘችም። እኔ ያዝኩ። ወንድሜ በመትረፉ ደስ ብሎኛል፣ እጅግ ደስ ብሎኛል፤ ያቺን ጎረቤታችንን ባሰብኩ ቁጥር ግን በደስታዬ አፍራለሁ።

ተፈናቅለን መጠለያ ከረምን። ወንድሜ ድኖ ማነከስ ጀመረ። እዚያው መጠለያ የኛ ጎረምሶች «ደም ልንመልስ ነው፣ ተነስ» ብለው ሊወስዱት መጡ። እናቴ የፈላ ሽሮ ከነድስቱ አንስታ እግራቸው ላይ ደፋችው። «ደመኛዬ ማን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ልጄን የሚወስድ እሱ ነው!» አለቻቸው። አንዱ እግሩ ተልጦ ለሳምንታት መራመድ አቃተው። ወንድሜ ከነሱ ጋር አልሄደም።

አገሩ ረገብ ሲል እኔ ወደ አሶሳ፣ እናቴና ወንድሜ ወደ መንደር ተመለስን። በኛ በኩል ቆሞ የቀረው ቤት የኛ ብቻ ነበር። ወንድሜ ከዚያ ቤት ውጭ ማደር እምቢ አለ። ከምድጃው ሥር ያለውን መሬትም ማንም እንዲለቀልቀው አይፈቅድም። እናቴ እበት በጥብጣ ስትመጣ «እሱን ተዪው» ይላታል። ጭኑን ያሸዋል፣ መሬቱን ያያል። የኔ ጎበዝ ወንድም በአሮጌ ደም ላይ ተለጥፎ ቀረ።

ባለፈው ክረምት እንደገና ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ ያቺ ሴት ከአጥራችን ውጭ ቆማ ተጣራች። በገመድ ፍየል ይዛለች። አጠገቧ ልጇ ቆማለች፤ መሬታችን ላይ የተወለደችው፣ የወንድሜ እኩያ። ሆዷ ገፍቷል። የማዶ ሽማግሌም ጅረቱ ዳር ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

«ልጄ ልጅ ወለደ፣ ሞተ። ሌላ ወለደ፣ ሞተ» አለች ሴትየዋ። «ባል ይሄን ካልኖረ አባርረዋለሁ አለ። ደሙ እዚህ ቤት ነው። ፍየል ይታረድ።» ይህኛው ፅንስ ካልኖረ አባርራታለሁ ማለቱ ነው። ልጅቷ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬት ታያለች።

«ሾተላይ ሊሆን ይችላል» አልኩ እኔ። የእናትና የፅንስ ደም ሳይስማማ ሲቀር የሚመጣ ነው፤ ስንት ሰው መርምሬበታለሁ። «ደሟን ልየው፤ ሐኪም የሚያደርግላት ነገር አለ።»

ሴትየዋ በትዕግሥት አየችኝ። «መርፌህ ይወጋል፣ እሺ» አለች። «በኋላ። መጀመሪያ የቤት ደም ይወጣል።»

ወንድሜ እያነከሰ ከቤት ወጣ። «አይሆንም!» አለ። «እማ፣ እኔን ያተረፈኝ እኮ ያ ደም ነው። ዛሬ ከጠራ፣ ነገ ሲመጡ ምን ይመልሳቸዋል? ያን ዕለት ከሷ በቀር ማን ደረሰልን?» ወደ ሴትየዋ ዞሮ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ እግርሽን ልሳም። ሌላ የፈለግሽውን ጠይቂኝ። መሬቱንም ውሰጂ። ይህን ብቻ ተዪልኝ።»

እኔም በልቤ ከወንድሜ ጋር ነበርኩ። በደም የማላውቀው ነገር የለም የምል ሴት፣ ትምህርቴን ሁሉ ይዤ፣ ያ መሬት እንዳይነካ ፈለግኩ። ሾተላዩን ያነሳሁትም ለልጅቷ ከማዘን ይልቅ ፍየሏን ለማስመለስ ነበር።

እናቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። የክንዷን ጠባሳ ስታሽ ቆየች። ከዚያ የሴትየዋን ድዳም አፍ አየች። «ጥርሶችሽን ያረገፉብሽ በኔ ቤት ምክንያት ነው?» አለቻት።

«በደም ምክንያት» አለች ሴትየዋ።

«እያለቀስሽ ነው ያስገባሁሽ» አለች እናቴ። «እኔ እኮ በጎ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።»  ከዚያ «ቢላዋውን አምጣ» አለችው ወንድሜን።

«ይገድሉኛል እማ!»

«የሷ የልጅ ልጆች እየተቀበሩ አንተ እዚህ ደም ላይ ተኝተህ ልትኖር ነው? ቢመጡ እኔም እዚሁ ቤት ነኝ፤ የምሞተው ካንተ በፊት ነው። አምጣ አልኩህ!»

ወንድሜ ገብቶ ቢላዋውን አመጣና መሬት ላይ ወረወረው። ያለቅስ ነበር፤ ጢሙ ውስጥ እንባው ሲገባ አየሁ። ሽማግሌው ከጅረቱ ተነስቶ መጣ። ፍየሏ ተወራጨች፤ እናቴ አማትባ ሁለቱን የኋላ እግሮች በገዛ እጇ ያዘች። ቢላዋው ደንዞ ስለነበር ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ገዘገዘ። ደሙ በእናቴ ቀሚስ ላይ ተረጨ፣ በደፉ ላይ ፈሰሰ፣ ወንድሜ ደም እየዘራ በገባበት በኩል ወረደ።

ሽማግሌው እጁን ታጥቦ «ጠራ» አለ።

 ወንድሜ ግድግዳው ሥር ቁጭ ብሎ ከጅረቱ ማዶ ያያል። «አሁን ማንም መግባት ይችላል ማለት ነው» አለ።

«ማንም» አለች እናቴ። ተነስታ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ወደ ሴትየዋም ዞራ «ግቢ እህቴ» አለቻት።

ሴትየዋ ደሙን ተሻግራ መቃኑን በሁለት እጇ ያዘች፣ እንደ ያኔው። እናቴ እጇን አልነካችም። ሴትየዋ ጥቂት ቆየችና ራሷ ለቀቀችው፤ ገባች።